በበዛብህ ጫማ ሥር የነበረው ባሕር

ባለፈው ሳምንት ለመስኮቴ ፍርግርግ ላሠራ አቃቂ በሰቃ ወዳለ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ፣ በያጁ አሮጌ ሐዲድ ሲቆርጥ የተነሣው ሽታ፣ የጋለ ብረትና የቆየ ግራሶ የተቀላቀለበት ሽታ፣ እጄን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ግቢ መለሰኝ። ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ስለዚያ ግቢ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ዝምተኛ ናቸው ይሉኛል፤ ይበሉ። ዛሬ ግን የምናገረው አለኝ።

የምንኖረው ከጣቢያው ጀርባ ለሠራተኞች በተሠሩት ቤቶች ነበር። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ብረት ሲያወርዱ አንድ ጉልበቱን ስለተመታ ብዙ መቆም አይችልም። እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወንዶቹ መጋዘኑ ጥላ ሥር ይሰበሰቡና የጣቢያው ድንጋዮች በሚቀቡበት ኖራ ሲሚንቶው ላይ የዓለምን ካርታ ይስላሉ። አውሮፓ ሁልጊዜ የተላጠ ድንች ትመስል ነበር፤ አገራችን ደግሞ ከሩሲያ ትበልጣለች። ካርታው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀመራል፤ ገና ወሬው ያልበረደውን ያን ትልቁን የዓለም ጦርነት የወሰነው የትኛው ውጊያ ነው? እያንዳንዱ ሰው ከሐዲድ የወለቀ አሮጌ ቡሎን በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ተናግሮ ሲጨርስ ቡሎኑን ከመረጠው የጦር ሜዳ ላይ ያቆማል። ቡሎን የሌለው አይናገርም። ቡሎኑ ብቻውን የቀረበት ሰው ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ከሐዲድ ቁራጭ ተበይዶ በተሠራው አግዳሚ ላይ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይከራከራል።

ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ደሜን ያሞቀዋል። መጋዘን ጠባቂው ጋሼ ሙሉጌታ ከግብጹ በረሃ ከኤል አላሜን ወዲያ ወሬ የለም ብሎ ኮፍያውን መሬት ሲፈጠፍጥ፣ የትኬት ሹሙ በዛብህ በስታሊንግራድ ምሎ ሲነሣ፣ ታንኩ በሁለት ጉንጫቸው ሲንጓጓ፣ መድፉ በመዳፋቸው ሲጮህ፣ ዶሮዎቻችን አጥር ዘለው እስኪጠፉ ድረስ ግቢው ይናወጥ ነበር፤ እኔም የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ጉልበቴን አቅፌ እሰማ ነበር። አባቴ ግን ጦርነቱ እኛ ላይ ነው የተጀመረው፣ የዞረውም እኛው ጋ ነው እያለ ቡሎኑን ሁልጊዜ ጣሊያን በመጨረሻ እጁን የሰጠበት ጎንደር ላይ ያቆማል። ማንም አይከተለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቆመው እሱ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ እንዴት ይቀመጥ?

በዛብህን ያኔ ጋሼ እለው ነበር። ዛሬ ስሙን ብቻ እየጠራሁ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ።

አንድ ክረምት ጎርፍ ሐዲዱን ሰብሮ ባቡሩ ከጅቡቲ ሳይመጣ ሰነበተ። ላምባ ጠፋ፣ ጨው ጠፋ፣ አቃቂ በጊዜ ጨለመች። እኔም በጨለማው ተኝቼ ወንዶቹ ያሉትን ሳሰላስል ነገሩ ቦግ አለልኝ። የበረሃው የጀርመን ጦር ነዳጅ አልቆበት ነበር ያለው ጋሼ ሙሉጌታ ነው። ሩሲያውያን ከአሜሪካ በመርከብ የመጣላቸውን ካሚዮን ይነዱ ነበር ያለው ራሱ በዛብህ ነው። ታዲያ ውጊያው ሁሉ ተንጠልጥሎ የነበረው መርከቦቹ በሚሄዱበት ባሕር ላይ አይደለም? ባቡር ሲቀር እኛ ጨለማ ውስጥ እንደምንቀር፣ መርከብ ሲቀር ታንኩም ብረት ሆኖ ይቀራል። አባቴ ይህን ቢናገር ማን ብቻውን ይተወዋል? ስነግረው ግን ሳቀና ጎንደርን አልለቅም አለኝ።

ስለዚህ ራሴ ጀመርኩት። ከሐዲዱ ዳር ጥርሷ የተበላ ቡሎን ለቅሜ፣ እሑድ ጩኸቱ ሲግል ደረጃዬን ለቅቄ ካርታው ላይ ወጣሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል ያለው ባሕር ምንም አልተሳለበትም፤ የእግር ማሳረፊያ ነበር። የበዛብህ ጥቁር ጫማ ተዘርግቶበታል።

«ጋሼ በዛብህ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» አልኩት።

ከመገረሙ የተነሣ አነሣ። ቡሎኔን አቆምኩና ያሰብኩትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ጋሼ ሙሉጌታ «ኧረ ይቺ ልጅ!» ማለት ሲጀምር በዛብህ ቀደመው።

«ባሕር ላይ ማን ተዋጋ፣ ዓሣ? አንቺ፣ ሂጂ ሽሮ ልቀሚ!» ብሎ ቡሎኔን አነሣና ኪሱ ከተተው። ሳቁ እስከ ሐዲዱ ማዶ ተሰማ። አባቴም ሳቀ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ሳቀ።

በሚቀጥለው እሑድ በዛብህ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። ስለ ስታሊንግራድ ሲጠበቅ ስለ መርከብ ጀመረ። ነዳጁን፣ ካሚዮኑን፣ የጨለመችውን አቃቂን ሳይቀር፣ ቃሌን ቃል በቃል ደገመው፤ ሲጨርስም ጥርሷ የተበላውን ቡሎኔን ባሕሩ ላይ አቆማት። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ ሄዱ። በመጨረሻ አባቴ ጎንደር ላይ የቆመውን የራሱን አየ፣ እኔን ሳያይ ጎንበስ አለና አንሥቶ ከእነሱ ጋር አስቀመጠው።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ተቀመጠ። እንዴት እንደተቀመጠ አስታውሳለሁ፤ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን እያሸ፣ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ። የፈለግሁት ይኸው ነበር። ቢሆንልኝም እኔ ደረጃው ላይ አልተቀመጥኩም፤ ቤት ገብቼ ሽሮ ለቀምኩ።

በዛብህ ከዚያ ወዲህ ባሕረኛው ተባለ፤ ባሕር በዓይኑ ሳያይ በዚያ ስም ኖረ። ሲሞት መቃብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ፣ የዓለም ጦርነት ባሕር ላይ እንደተወሰነ ሰፈሩን ያስተማሩ አስተዋይ አባት ተባለ። ከዕድር ሴቶች መካከል ቆሜ በለሆሳስ «ጋሼ በዛብህ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» አልኩ። ከጎኔ የነበረችው ሴት የማለቅስ መስሏት አቀፈችኝ።

በያጁን ሐዲዱን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። «ከድሮው ጣቢያ መሰለኝ፣ እማማ፤ አግዳሚ ነገር ነበር» አለኝ፤ መቁረጡንም ቀጠለ። ባቡሩ የለም፣ ካርታው በዝናብ ታጥቧል፣ ጋሼ ሙሉጌታም አባቴም አፈር ለብሰዋል። ለአባቴ ያላልኩት ብዙ ነው፣ እሱንም አልጽፈውም። ለማንኛቸውም ይቅርታ አላደረግሁም፤ ግን አንድ እሑድ ቢመለስልኝ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ የተፈጠፈጠ ኮፍያ፣ ዳግመኛ ብሸነፍ እንኳ እሮጥ ነበር። አሁን ባሕሩ የእኔ ነበር ብዬ ብጮኽ፣ አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ አንድ ሰው እንኳ አልቀረም።