የሰብለ ሦስት መስመር

በቦሌ መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አርቃቂ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ከሰላምታው እስከ ግልባጩ አንዳች አይጉደል።» አላጎደልኩም። ረቂቄ ተተይቦ ሲቀርብላቸው የመምሪያ ኃላፊው የሚጨምሩበት ፊርማቸውን ብቻ ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ኢሜይል ገባልን። ኮምፒዩተሩ ከስልክ መስመር ጋር ተያይዞ በወጣቷ ጸሐፊ በሰብለ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የአማርኛ ፊደል ስለማይቀበል በእንግሊዝኛ እንጽፍ ነበር። ሥርዓቱን ግን አልለወጥኩም። አረቅቃለሁ፤ ይተየባል፤ ኃላፊው ይፈርማሉ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ማኅተም ያሳርፍበታል። ከዚያ ሰብለ ወረቀቱን እያየች ኮምፒዩተሩ ላይ እንደገና ትጽፈዋለች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ማኅተሙን በየት በኩል ላስገባው?» ትለኝ ነበር። ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

አንድ ጊዜ ከናይሮቢ ለስብሰባ የሚመጡ እንግዳ ነበሩን። አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ለመላክ በረራቸውን ማወቅ ነበረብን። መሥሪያ ቤቱን አስተዋወቅኩ፤ የስብሰባውን ዓላማ ዘረዘርኩ፤ የበረራውን ጥያቄ በአምስተኛው አንቀጽ አኖርኩት። እንግዳው ስለ መልካም ቃላችን አመስግነው መለሱ። ስለ በረራው አንድም ቃል የለም።

ሰብለ ኃላፊውን አስፈቅዳ ሦስት መስመር ላከች፦ በየትኛው በረራ ይመጣሉ? መኪና ይጠብቅዎታል። እናመሰግናለን። መልሱ ከምሳ በፊት ደረሰ።

«አቶ ታደሰ፣» አሉኝ ኃላፊው፣ «ከእንግዲህ በኢሜይል የሚሄደውን ሰብለ ታዘጋጀው። እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ።»

ዕረፍት አልጠየቅኩም ነበር። ኃላፊው በራቸውን ከፍተው «ሰብለ!» ባሉ ቁጥር ጉልበቴ ሳላዘው ከወንበሬ ይነሣ ነበር። እሷ ስትገባ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከውስጥ ሳቅ ሲሰማ ደግሞ ብዕሬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ከእኔ ጋር ስቀው አያውቁም።

ቆይቶ፣ ሌላ ስብሰባ በንግግር እንዲከፍቱ ውጭ አገር ለሚኖሩ አንድ አዛውንት አምባሳደር ጻፈች፦ ንግግርዎን እስከ ዓርብ ይላኩልን። አዛውንቱ ስልክ ደወሉ። «ይህችን ልጅ ማን አሳደጋት?» ብለው ዘጉት። ያለ እሳቸው ስብሰባው የሚከፍተው አልነበረውም። ሰብለ ፊቷ ገረጣ። እኔን ደስ አለኝ።

ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

«ለማን እንደምጽፍ አስቀድሜ አስባለሁ።»

«አሰብኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፤ ደግሞ ያስፈልጉናል።»

«እንግዲያው ጻፊ፦ ይህ ስብሰባ ያለ እርስዎ ድምፅ ቢከፈት እኛው እናፍርበታለን።» ሁለተኛውን መስመር ልቀጥል ስል እጇን አነሣች።

«ይበቃል ጋሼ። አሁን ጥያቄያችን ይግባ።»

በስሟ ተላከ። በማግሥቱ ንግግሩ መጣ። ከግርጌው፣ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ «ወይዘሪት ሰብለ፣ ለካ ጨዋ ልጅ ነሽ» ይላል። ኃላፊው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። መስመሩ የእኔ ነበር።

በኢሜይል ለምትጽፉ የምለው ይህን ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንደሚያነበው፣ አንብቦም ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ወስኑ። ክብሩን በአንድ መስመር ስጡት፤ ጥያቄያችሁን ወዲያው ከሥሩ አስቀምጡ። የቀረው ለመዝገብ ቤት ነው።