ሻጥራ መባል

ባለፈው ሳምንት አምማን ውስጥ ከጀበል አል-ሁሴን ወደ መሃል ከተማ በሰርቪስ ታክሲ ስወርድ አንዲት አዲስ መጤ የአገሬ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። በስልክ ሳወራ አማርኛዬን ሰምታ ኖሮ ወዲያው ወሬ ጀመረች። "ማዳሜ በጣም ትወደኛለች፤ ቀኑን ሙሉ ሻጥራ፣ ሻጥራ ትለኛለች" አለችኝ። ፊቷ በደስታ በርቷል። ከማላውቀው ሰው ጋር መከራከር ስለማልወድ "ጎሽ" ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሻጥራ በዚህ አገር አረብኛ ቀልጣፋ፣ እጇ የሰላ፣ ብልኃት የገባት ሴት ማለት ነው። ለሐኪምም ይባላል፣ ፖፖ ላይ በሰላም ለተቀመጠ ሕፃንም ይባላል፤ ለእኛ ለቤት ሠራተኞቹ ሲሉት ድምፃቸው ለሕፃኑ የሚሉበትን ይመስላል። ቆይቼ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ጥንት ወላጆቹን ያማረረ ወስላታን ይጠሩበት እንደነበር አነበብኩ። ከወስላታ ወደ አጭበርባሪ፣ ከአጭበርባሪ ወደ ብልጥ ተሻግሮ ነው ሙገሳ የሆነው። የእኛ "አሻጥር" የዚሁ ቃል ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ስለሆነ ግን አልምልበትም።

ሙገሳው ምን እንደሚያስከፍል የተማርኩት ጀበል አል-ወይብደህ ስሠራ ነው። አምማን በገባሁ በመጀመሪያው ጸደይ፣ አረንጓዴ ለውዝ በጋሪ እየዞረ ከጨው ጋር በሚሸጥበት ወቅት ነበር። የማዳም ወዳጆች መቅሉባዬን ወደዱት። መቅሉባ ዶሮ፣ ደበርጃንና ሩዝ በአንድ ድስት ተደራርቦ ከበሰለ በኋላ ትሪ ላይ ተገልብጦ የሚቀርብ ምግብ ነው። ማዳም እንግዳ ፊት ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች "ሻጥራ!" ትላለች። እኔም፣ ያቺ ሞኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰው ሻጥራ ከተባለ ደግሞ ይዋሳል። የግፊት ድስት እንደሚዋዋሱት ማለት ነው። ጁበይሃ የምትኖረው የማዳም እህት ኡም ራሚ "ለሁለት ሳምንት ስጪኝ፣ እንግዶች አሉብኝ" አለቻት። ማዳም እኔን ሳትጠይቅ እሺ አለች። ሐሙስ ምሳ በልታ በመኪናዋ ልትወስደኝ ተቀጠረ። ዓርብ ግን ሰዓዳን የምሸኝበት ቀን ነበር። ሰዓዳ ከላይኛው ፎቅ ትሠራ የነበረች፣ አረብኛውንም ምጣዱንም ያስተማረችኝ የወሎ ሴት ናት፤ ጠቅልላ ወደ አገሯ መግባቷ ነው። ማዳምን ዓርብን እዚህ ልዋል ወይ ብዬ ስለምናት "ኢንሻላህ" አለችኝ። በዚያ ቤት ኢንሻላህ ማለት አይሆንም ማለት ነው።

ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ ለሰዓዳ ነገርኳት።

"አንቺ ዩኒቨርሲቲ! ማን ጎበዝ ሁኚ አለሽ?" አለች በአፏ የያዘችውን መቆንጠጫ እያወጣች። "ሴትዮዋ የፈለገችው መቅሉባሽን አይደል? ይፍረስ።"

"ጨው ላብዛበት?"

"ቂል! ጨው ካበዛሽ ተንኮል መሆኑ ይገባቸዋል። ድስቱን ትሪው ላይ ገልብጠሽ ሳትጠብቂ ብድግ አድርጊው። ከዚያ አልቅሺ።"

"ሰው ፊት ማልቀስ አልችልም፣ አፍራለሁ።"

"እንግዲያው እፈሪ። እሱን ማን ያህልሽ!"

ሐሙስ ድስቱን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ኡም ራሚ ቪድዮ ልትቀርጽ ስልኳን ደግናለች። ገለበጥኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቂጡን በማንኪያ እያንኳኳሁ ሩዙ እስኪረጋ እጠብቅ ነበር። አሁን አልጠበቅሁም፤ አነሳሁት። ሩዙ ተንዶ የትሪውን ጠርዝ አልፎ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ፈሰሰ፤ አንድ የዶሮ እግር ተንከባሎ ኡም ራሚ ፊት ቆመ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ ይህን እንኳ ማስመሰል አላስፈለገኝም።

"ሻጥራዋ ይህች ናት?" አለች ኡም ራሚ ለእህቷ።

"ሐራም፣ ታሳዝናለች ምስኪን፣ ደንግጣ ነው" አለች ማዳም፣ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ጠረጴዛው ልብስ እያዘነች።

"ይቅርብኝ። የጎረቤቴን ሠራተኛ እጠይቃለሁ።"

ከዚያም የፈረሰውን መቅሉባ ጠራርገው በሉት፤ ጣዕሙ እንዳልተነካ አንዳቸውም ልብ አላሉም። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ስለ እጅ ሙያ የሚፈርዱብን። ቪድዮ የሚያምርላቸው ከሆነ ሻጥራ ነሽ፤ ካልሆነ ምስኪን ነሽ።

ዓርብ ከሰዓዳ ጋር ዋልኩ። ሻንጣዋን አብረን ረግጠን ዘጋነው፤ ለውዝ በጨው እየቆረጠምን ሳቅን፤ የአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ሲመጣ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል አላገኘኋትም፤ የማገኛትም አይመስለኝም።

ከዚያች ማዳም ቤት ከወጣሁ ቆየሁ። ዛሬም ስሜ ሲነሳ "ልቧ ጥሩ ነበር፣ እጇ ግን አይረባም" እያለች ታዝንልኛለች አሉ። ትዘንልኝ። ሐዘኔታዋን ከሙገሳዋ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ለእህቷ አያውሰኝም።