ለቀስተኛ የመለስኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ኮሮና አገራችን በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊጀምር ሲል ነው። ብዙ ሰው ያንን ጊዜ ረስቶታል። እኔም ብረሳው ደስ ባለኝ ነበር። ግን እናቴ ሰሞኑን እንደገና ማሳል ጀምራለች፤ ሳሏን በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ድቅን ይልብኛል።

የምንኖረው ሰበታ ነው። እኔ ጠዋት አዲስ አበባ ሥራ ገብቼ ማታ እመለሳለሁ። አባቴ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ በማገዶ ጭስ ስታበስል ኖራ ሳንባዋ ተጎድቷል። ኮሮና እንደገባ ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ ጠራኝና፣ "ይሄ ነገር እናትሽን ካገኛት እኔም የማደርግላት ነገር የለም። ሰው አይጠጋት" አለኝ። አነጋገሩ ቁጣም ልመናም አልነበረበትም። የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

ያን ቃል ይዤ ሰፈር ስመጣ የጠበቀኝ ሌላ ነው። አንዱ "ጥቁር ሰው አይዝም" ይላል። ሌላው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አምጥቶ "ይሄን ካለፈ እኔን ጥሩኝ" ይላል። ጭምብሉን ያደረገውም ቢሆን አገጩ ላይ ነው፤ ፖሊስ ሲያይ ወደ አፍንጫው ይስበዋል። እኔ እጅ ታጠቡ፣ ራቅ በሉ ስለምል "ዶክተሯ መጣች" እየተባልኩ መሳቂያ ሆንኩ። ይሁን ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት አባቴ ደም ግፊቱ ተነስቶበት ወደቀ። ሐኪም ቤት ደርሰን ነበር፣ ግን አልተረፈም። ኮሮና እንዳልሆነ ተነግሮን አስከሬኑን ቤት አስገባን። አጎቴ ስለ ቀብሩ ሊነጋገር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እማዬ ከአባቴ ጋር ብቻዋን ውስጥ ቀረች። እኔ ከውጭ የቆርቆሮውን በር ዘግቼ ፊቱ ቆምኩ።

እዚህ ላይ የእድራችንን ነገር መናገር አለብኝ። የእድራችን ደንብ ለቅሶ ያልደረሰና ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ አባል ይቀጣል ይላል። ኮሮና ሲመጣ ኮሚቴው ይህ ደንብ ለጊዜው ይነሳ ብሎ ነበር። ነገር ግን ደንብ የሚነሳው በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው። ጉባኤ መሰብሰብ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተከልክሏል። ስለዚህ ደንቡ እንዳለ ቀረ። ሰው እንዳይሰበሰብ የታወጀው አዋጅ ራሱ ሰዉን ሰብስቦ እኛ በር ላይ አመጣው ማለት ነው። ሐዘን ባይኖርብኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከሩቅ እየጮኹ መጡ። ከእናቴ ጋር እህትማማች ማለት ናቸው። እጄን ዘርግቼ አስቆምኳቸው።

"እትዬ ዘነበች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይገቡም።"

"ማ? እኔ?"

"ማንም አይገባም። እማዬ ሳንባዋን ያውቁት የለ፣ ሐኪሙ..."

"እናትሽን፣ አስካለን፣ ብቻዋን ልታስለቅሺያት ነው? አባትሽን እንደ ባዳ ልትቀብሪው ነው? ተምረሽ ተምረሽ ሰው መጥላት ነው የቀረሽ!"

ለቅሷቸው ቁጣ ሆነ። ከኋላቸው ሰው እየበዛ ሄደ። አንዳንዱ እንደ እብድ አየኝ። አንዱ "ውስጥ የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው" ሲል ሰማሁ። እትዬ ዘነበች መሬቱን በእጃቸው መታ አድርገው፣ እኔንም ረግመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይባስ ብሎ እማዬ ከውስጥ ጀመረች። "ልጄ፣ ሰው አታሳጪኝ! ይግቡልኝ!" ትላለች። "ትሞቺብኛለሽ" አልኳት በበሩ ስንጥቅ። "ይኸው ሞቻለሁ አይደል!" አለችኝ። ይሄን ስትለኝ በሩን ልከፍተው ነበር። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።

የዚያን ጊዜ ኦቦ ደቻሳ መጡ። ኦቦ ደቻሳ የእድሩ ሰብሳቢና የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ እዚያው ሰበታ ተወልደው፣ አርሰው ልጆች ያሳደጉ ሽማግሌ። አሁን ደግሞ ከእሳቸው ጋር ልጣላ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ከሰዉ ፈንጠር ብለው ቆሙና "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሐኪሙ ምን አለ?"

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው። ሰዉን አየት አደረጉት።

"ይሄ ሰው የመጣው ወዶሽ ነው፣ አባትሽንም ወዶ ነው" አሉኝ። "ግን ስሙ ሳይጠራ አይሄድም። እኔም ብሆን አልሄድም። ደንብ ነው።"

ከቤታችን ፊት ለፊት ቁልቁል ከብት የሚውልበት ጨፌ አለ። ኦቦ ደቻሳ ወደ ሰዉ ዞረው ሁሉም ወደ ጨፌው እንዲወርድ አዘዙ። "ዱላህን ዘርግተህ ጎረቤትህን የማትነካበት ቦታ ቁም! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከዚያ ሆኖም ይለቀሳል!" አሉ። ያጉረመረመ ነበር። ግን የእሳቸውን ቃል የሚሽር የለም፣ ወረዱ። ጥጃ በሚታሰርበት መስክ ላይ የሰፈራችን ሰው እንደ ተተከለ ችካል ተራርቆ ቆመ።

ስም ጠሪው ድንጋይ ላይ ወጣና መጥራት ጀመረ። እማዬ ድምፁን ስትሰማ መስኮቱን ከፈተች። አትክፈቺ ልላት ነበር፣ አቃተኝ።

"አቶ አየለ!"

"አለሁ! እግዜር ያጽናሽ፣ አስካለ!"

"አቶ ጀማል!"

"አለሁ! አላህ ሶብሩን ይስጥሽ!"

"አቶ ቶላ!"

"ጅራ! ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ!" አለሁ፣ እግዜር ያበርታሽ ማለቱ ነው።

ሌላ ጊዜ ስም ሲጠራ ሰው አለሁ ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው የጮኸው። ከመጀመሪያው ሰው ወዲህ የተማከሩ ይመስል አንድም ያለማጽናኛ አለሁ ያለ የለም። እማዬ ለእያንዳንዱ "ክፉ አይንካህ፣ ክፉ አይንካሽ" እያለች መለሰች። ድምፅ ሲያጥራት እጇን አወዛወዘች። "ወይዘሮ ዘነበች!" ተብሎ ሲጠራ መልስ አልነበረም። ስም ጠሪው ትንሽ ጠበቀና አለፈ።

እኔ እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። በር የሚጠብቅ ሰው ለማልቀስ ጊዜ የለውም። ስም ተጠርቶ ሲያልቅ በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩና ስለ አባቴ አለቀስኩ።

እማዬ ተረፈች። ከእኛ በኋላ በሌላ ሰፈር እንደ ድሮው ድንኳን ተጥሎ፣ ተቃቅፈው የተለቀሰበት ቤት ነበር። ከዚያ ለቅሶ ተመልሰው አልጋ ላይ የወደቁ፣ ያልተነሱም አሉ። ሰዉ "ብርድ ነው" አለ።  ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኛን መከራውም መክሮ መክሮ ደክሞት ነው የሄደው።

እትዬ ዘነበች ለአባቴ ሙት ዓመት ታረቁኝ። አሁን ከእናቴ ጎን አይጠፉም። ኦቦ ደቻሳ በዕድሜ ምክንያት ሰብሳቢነቱን ለቀቁ። ሰፈሩም ተለወጠ። አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ፣ ሰው በዛ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ግን አልበዛም። ያ ሰዉ ተራርቆ የቆመበት ጨፌ የፌስታልና የፕላስቲክ መጣያ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ይወስደዋል። በበጋ ደግሞ አመሻሽ ላይ ይቃጠላል፤ ጭሱም ቀጥ ብሎ በእናቴ መስኮት ይገባል።

ባለሙያዎች ጨፌው ድረስ መጥተው አስተምረውን ነበር። የፕላስቲክ ጭስ ሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ወንዙ ምን ተሸክሞ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ አፈሩ እንዴት እንደሚበላሽ በሥዕል አሳዩን። ሰዉ በጥሞና ሰማ፣ አጨበጨበ። ከዚያ የተሰጠውን ውሃ ጠጥቶ ባዶ ላስቲኩን እዚያው ጨፌው ላይ ጥሎ ወጣ። በእድር ስብሰባም ሁለት ሦስቴ አነሳሁት። "አጀንዳ ይያዝልሽ" ይሉኛል። ተይዟል። እስካሁን እንደተያዘ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ከሚያቃጥሉት አንዷ እትዬ ዘነበች መሆናቸው ነው። አቃጥለው ይመጡና እናቴ አጠገብ ቁጭ ብለው እጇን እየደባበሱ "ይሄ ሳልሽ ምን ይሻለው ይሆን?" ይላሉ። ነጠላቸው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። "ጭሱ ነው" አልኳቸው አንድ ቀን። "ጭስ ደግሞ ማንን ገደለ?" አሉኝ። ኮሮና ማንን ገደለ ሲሉኝም እንዲሁ ነበር። 

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ እማዬ ቤት የለችም። ደንግጬ ስወጣ ጨፌው ላይ አየኋት። በርጩማዋን ይዛ ወርዳ ከአመዱ አጠገብ ተቀምጣለች። እትዬ ዘነበች ጆንያ ቆሻሻና ክብሪት ይዘው ፊቷ ቆመዋል።

"አስካለ፣ ምን ነካሽ? ተነሺ እንጂ፣ ልለኩስ ነው" ይላሉ።

"ለኩሺ" አለች እማዬ። "ያኔ ልጄ በር ላይ ስትመልስሽ እኔ ከውስጥ ትግባ እያልኩ አለቅስ ነበር። ዛሬ የሚመልስሽ የለም። ለኩሺው።"

እትዬ ዘነበች ክብሪቱን እንደያዙ ቆሙ። እናቴ ሳል ያዛት፣ ረጅም ሳል። እስክትጨርስ ጠበቋት። ከዚያ ጆንያውን ጀርባቸው ላይ መልሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ግን ሌሎች ሰዎች ከጨፌው ማዶ ለኮሱ። እማዬም በርጩማዋን ይዛ ወደ ማዶው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ይሄው ሆኗል። እሷ በተቀመጠችበት ማንም አይለኩስም፤ እሷ በሌለችበት ግን ይለኮሳል። ያን ሁሉ ተሰድቤ ከሰው ያራቅኩት ሳንባ አሁን በገዛ እግሩ ጭሱ ያለበት ይሄዳል።

አሁን የሚሰማኝ ድካም ነው። ያኔ የምዘጋው በር ነበረኝ። ጭስ በር አያውቅም። ብቆጣት አትሰማኝም፣ ብለምናት አትሰማኝም፤ ይሄንንስ ከእኔ ሳትወርስ አልቀረችም። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ስሄድ በርጩማዋን ደብቄባት እወጣለሁ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ግን እዚያው ናት። የተቀመጠችው እትዬ ዘነበች ከቤታቸው ባመጡላት ወንበር ላይ ነው።