ሐጂ አባ ዋሪን ምሳ የጋበዝኩ ቀን

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ... ልጄ ሙራድ በስልኩ በርገር አዘዘ። ያለ ሽንኩርት ብሎ ያዘዘው ከነሽንኩርቱ መጣለት። ትንሽ ዘግይቶም ነበር። «ሰርቪስ ዜሮ!» አለና አንድ ኮከብ ሰጣቸው። አንዷንም የሰጠው ከዚያ በታች ስለማይቻል ነው።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ምን ያስቅሃል አባዬ?» አለኝ ተናዶ። ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ከተማው ጅማ። የቀበሌያችን ምግብ ቤት በሩ ላይ «ለሰፊው ሕዝብ ፈጣን አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ሰሌዳውን ለመስቀል ብቻ አንድ ክረምት ፈጅቷል።

በዚያ ሰሞን ዘይነባን ለማግባት ጅማ አጠገብ የቡ ከተማ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ሐጂ አባ ዋሪ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው «ልጁን መጀመሪያ ራሴ ልየው» ብለው መለሷቸው። እና አንድ ቅዳሜ ለገበያ ጅማ ሲመጡ ምሳ ጋበዝኳቸው። የት? እዚያው ምግብ ቤት! ምን እንደነካኝ እንጃ... ሰሌዳውን አምኜ መሰለኝ።

ጅማ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ጠረጴዛ ከቦ ይጫወታል። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው፤ ማን እንዳረደው ሳያውቅ የሚቀምስ የለም። ምግብ ቤቱም ሁለት ድስት ነበረው። ድሮ የሙስሊሙ ሳህን ጠርዙ አረንጓዴ፣ የክርስቲያኑ ሰማያዊ ስለነበር ማንም አይሳሳትም። ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርተው «ሳህንን በሃይማኖት መከፋፈል አድኃሪነት ነው!» አሉ። አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ ሳህኑ ሁሉ ቀይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የትኛው ምግብ የማን እንደሆነ የሚያውቀው አስተናጋጁ ጓድ በቀለ ብቻ ነው።

ጓድ በቀለ ቀን ቀን ያስተናግዳል። ማታ ማታ ደግሞ ጠመንጃ አንግቶ አብዮት ጥበቃ ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ምግብ ዘገየ ብሎ የሚጮህ ሰው አይታወቅም። እንደኛ የሠለጠነ ደንበኛ የትም አልነበረም።

ሁለት ቅቅል አዘዝን። አጠገባችን የተቀመጡት ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰም ቅቅል አዘዙ፣ የክርስቲያን። በቀለ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ጠበቅን... ጠበቅን...

ሐጂ የዙህር ሶላት ደርሶባቸው ወደ መስጊድ ሄዱ። ተረጋግተው ሰግደው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ብለው ተመለሱ። ቅቅሉ ገና ነው።

«ጓድ በቀለ፣ የኛ ነገር እንዴት ሆነ?» አልኩት በሚያባብል ድምፅ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ... አንተ ብቻ አትቸኩል» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሐጂ እኔን እኔን ያያሉ። ዘይነባ በቅቅል ምክንያት ስታመልጠኝ ታየኝ።

በመጨረሻ በቀለ ሦስት ሳህን ይዞ መጣ። ሁለቱን እኛ ፊት፣ አንዱን ጋሽ ታደሰ ፊት አስቀመጠ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ጋሽ ታደሰም አማተቡ። በቀለ ግን አልሄደም። አንዴ የኛን ሳህን፣ አንዴ የጋሽ ታደሰን እያየ ራሱን ያካል። የሁለቱም ሽማግሌዎች እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው ጓድ?» አልኩት።

«አይ... ምንም። ብቻ ሁለቱ የእናንተ ናቸው፣ አንዱ የእሳቸው።»

«እሱንማ እኛም እናውቃለን!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «የትኛው ነው የማን?»

«ወጥ ሠሪዎቹን እንዳልጠይቅ ስብሰባ ገብተዋል» አለ በቀለ። «ስለ አገልግሎት ጥራት እየተወያዩ ነው።»

ሥጋ ደግሞ ቢያዩት ቢያሸቱት ሃይማኖቱን አይናገር! ሐጂን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። አማቴ እንዲሆኑ የምለምናቸውን ሰው ሐራም ላበላቸው ነበር። አለቀልኝ አልኩ።

ሐጂ ሳህኑን ቀስ ብለው ገፋ አደረጉት። «በቀለ፣ ገበያ ሂድና ሙዝ አምጣልን» አሉ። «ሙዝ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ጋሽ ታደሰም ከኛ ጋር ይበላሉ።»

በቀለ በረረ። ያ ቤት ፈጣን አገልግሎት ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ እሱም ከገበያ። ሦስታችንም ሙዛችንን ስንልጥ፣ ጋሽ ታደሰ በሳህኖቹ ሲቀልዱ፣ ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለበቀለም «እንካ፣ አንተም ደክሞሃል» ብለው ሰጡት።

ስንወጣ ሐጂ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የሰው ጠባይ የሚታየው ሲርበው ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ተርበህ ሰውየውን አልተቆጣህም፣ ክፉ ቃል አልወጣህም። ማሻአላህ፣ ሶብር አለህ። ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው... ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያው ልክ ደግሞ ሐፍረት ቢጤ ያዘኝ። የበቀለን ጠመንጃ ልነግራቸው አፌ ላይ ደረሰ። ወዲያው ዘይነባ ትዝ አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ሐጂም እስኪሞቱ ድረስ በየሰርጉና በየለቅሶው የአማቻቸውን ትዕግሥት ሲያወሩ ኖሩ፣ አላህ ይዘንላቸው።

ሙራድ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ በርገሩ ቀዝቅዟል። «እሺ፣ ለዚያ ምግብ ቤት ስንት ኮከብ ትሰጠዋለህ?» አለኝ።

«አምስት» አልኩት። «ምሳው ቶሎና በትክክል መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሽንኩርት የሚያለቅስ ልጅ አልወልድም ነበር።»