ወይፈኑ ዝቅ ያለ ሰሞን

«አንቺን የማስነዳሽ እኮ ኪሎሽ ከሷ ኪሎ ጋር ስለሚቀራረብ ነው፤ ሌላ ምን መስሎሽ ነው?»

መካኒኩ ነው እንዲህ ያለኝ፣ ፊት ለፊቴ፣ እጁን በናፍታ በራሰ ጨርቅ እየጠረገ። ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበትማ ይሻለኝ ነበር፤ ሰድቤው እወጣ ነበር። እሱ ግን ጎማሽ ንፋስ ጎድሎታል ብሎ እንደሚነግርሽ ሰው ነው የነገረኝ። ዛሬም ባጃጅ ውስጥም ልሁን ማደያ አጠገብ፣ ናፍታ ሲሸተኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ጨርቅ ነው።

ጋራዡ መናኸሪያ ጀርባ ነበር፣ ከእናቴ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የአስረኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝምና ሳሙናና የሞባይል ካርድ እየሸጥኩ እዚያ እውላለሁ። መቀመጥ ደግሞ አልወድም። ሰበብ እየፈለግኩ ወደ ጋራዡ እሻገራለሁ። እዚያ ወይፈኑ አለ።

ሞተር ብስክሌቱን ወይፈኑ ያልነው እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን። የከተማው ሞተሮች ሁሉ ቀጫጭን ነበሩ፣ እንደ ፍየል የሚዘሉ። ይሄኛው ረጅም፣ ሆዱ ሰፊ፣ መሪው እንደ ቀንድ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ሲነሳ ድምፁ ደረትሽ ውስጥ የሚገባ። ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ ነው ለመካኒኩ የሸጠለት። ገና እንደገዛው ዝቅ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሳ። ምን ሊያደርግልህ አልኩት፤ አንተ እንደሆንክ የመብራት ምሰሶ ታክላለህ። «ዝቅ ሲል ያምራል» አለኝ። አመንኩት። ያምራላ!

ሞተር ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው። ዝቅ አድርጎ እንደተመቸ ማቆየት ነው ሥራው። መጀመሪያ የኋላውን ሞላ ቆረጠው። አማረ፣ ግን ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ቱላ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች ላይ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ብረት ከብረት ይጋጫል። ከዚያ አጠር ያለ ጠንካራ ሞላ ከአዲስ አበባ አስመጣ። እሱን ደግሞ ራሱ ሊሞክረው አልቻለም። ከባድ ሰው ነው፤ ለሱ የለሰለሰ ሞላ ለቀላል ሰው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ኮርቻው ላይ የአሸዋ ጆንያ እየጫነ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ይለካ ጀመር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ቀና አለና «ነይ እስቲ አንቺ ውጪበት፤ ጆንያ አይናገርም» አለኝ።

እመኚኝ፣ ይቺን ቃል እንደ ሙገሳ ይዤያት ቤት ገባሁ። ቀላሉ ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ ነኛ።

መንዳት የተማርኩት እንዲህ ነው። እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ እጁን እጄ ላይ ያደርጋል፤ ግራሶና ከኛው ሱቅ የገዛው ሳሙና ይሸታል። ስለምድ ኮረኮንቹ መጀመሪያ ላይ ይወርድና ብቻዬን ይለቀኛል። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በእንሰቱ ቅጠል ውስጥ አረንጓዴ ሆና ትመጣለች፣ ልጆች በሲዳምኛ እየጮሁ ይከተሉኛል፣ አቧራው ቅንድቤን ያቀላዋል። ዞሬ ስመለስ መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ይጠብቀኛል። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይመቻል?»

እስከዚያ ድረስ ይመችሽ አይመችሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እኔም አልዋሸውም። ወገቤን ቆረጠኝ እለዋለሁ። ኋላው ብቻ ወርዶ መሪው ቀለለ፣ ፊቱ ይንሳፈፋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ የፊቱን ሁለት ዘንጎች ከመሪው ስር አላልቶ በዚያው ልክ ወደ ላይ ሳባቸው፣ ፊቱም ወረደ። መቀመጫውን ገፎ ስፖንጁን ቀየረ። ፀጉሬን ታጥቤ ስወጣ ደጃችን ጎመን የምትሸጠው ሴትዮ ትስቅብኛለች። «ዛሬም ፈተና አለሽ? አስረኛ ክፍልን እንዲህ ብታጠኚው ይሄኔ ዶክተር ነበርሽ።» እስቅላታለሁ። ምን ቸገረኝ።

ለፊቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሕዝቡ ጉዱማሌ ሜዳ ሲሰበሰብ ወይፈኑን እየነዳሁ ስደርስ፣ እሱ ከኋላዬ፣ ያወቀኝም ያላወቀኝም ሲያፈጥ፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ይሄንን በሐሳቤ ስንቴ አየሁት። አንድ ቀን ከሰዓት አፌ አላስችል ብሎኝ ነገርኩት። ያን ጊዜ ነው ጨርቁን ያነሳውና ስለ ኪሎዬ የነገረኝ።

ሊያገባት ነው። ነርስ ናት፣ ከቱላ ወደ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ የተመደበች፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ። ሥራዋ ድረስ ራሷ እንድትነዳ ይፈልጋል፤ ግን እግሯ መሬት ካልነካ ትፈራለች፣ ኮረኮንቹም ወገቧን እንዳይጎዳት ሰግቷል። አውቃታለሁ። ከኛ ሱቅ ሳሙና ትገዛለች፤ ትንሽዬ፣ ንጹሕ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መልስ በእጇ ሰጥቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ኪሎዬን ጠላሁት። በሞላው ሁሉ ቀናሁ፤ ለሷ ሲባል አይደል ያጠረው። በስፖንጁ ቀናሁ። ለኔ ሲል ሚስማር እንኳ ዝቅ ያደረገልኝ ማን አለ? እሷ ሳሙና ልትገዛ ስትመጣ አልቋል እላታለሁ፣ መደርደሪያው ሞልቶ እያየችው። «እሺ፣ ሌላ ቀን» ብላ ትሄዳለች። ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያቃጥለኛል።

ከእንግዲህ አልነዳልህም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እምቢ ካልኩ በጆንያ ይተካኛል።

የመጨረሻው ቀን ኮረኮንቹ እንደ ሐይቅ ላይ ጀልባ ከፍ ዝቅ አደረገኝ እንጂ አልመታኝም። የማውቃቸው ጉድጓዶች አንድ በአንድ ከስሬ አለፉ። የለመድኩት ቦታ ስደርስ ቶሎ አልዞርኩም፤ እዚያው ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ስመለስ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ይመቻል?»

«ይመቻል» አልኩት።

እንደ ልጅ ሳቀ፣ ኮርቻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

በማግስቱ ነርሷን ይዟት መጣ። የጎን መቆሚያውን ገና አላሳጠረውም ነበር፤ ሞተሩ ሲወርድ እሱ ረጅም ሆኖ ቀርቷል፣ ወይፈኑን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው ነካ ሲያደርጉት ይወድቃል። «እስክትወጣ ያዢልኝ» ብሎኝ የጋራዡን በር ሊከፍት ሄደ። መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ነርሷ ትከሻዬን ተደግፋ ወጣች። ሁለቱም እግሮቿ ተረከዛቸው ሳይቀር መሬት ላይ አረፉ። ወደ ታች አየቻቸውና ሳቀች።

«እህቴ፣ ብዙ ደክማልሻለች አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ቀጥላም ዝግ ባለ ድምፅዋ «መንገዱ እንዴት ነው፣ ይጎዳል?»

«ጉድጓድ ሲመጣ ፈርተሽ ከኮርቻው አትነሺ» አልኳት። «ይሸከምሻል።»

መሪውን እስክትጨብጥ ጠበቅኩና እጄን አነሳሁ። ሱቁ ክፍት ነበር፤ አልገባሁም። የመናኸሪያውን አጥር ጥግ ጥጉን ይዤ ሄድኩ።