ሦስት ፊደል በክሊኒኩ አንሶላ ላይ

የትምህርት ቤቱ ነርስ የዳይሬክተሩን ራስ በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ተማሪና ወላጅ እያየ፣ ሙልጭ አድርጋ ላጨችው ይባላል። ወሬውን የያዘው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የሚሠራው ጸጉር አስተካካይ ነው። እሱ እንደሚለው ቶንዶሱን ያዋሳት ራሱ ነው፤ ከዳይሬክተሩ ራስ አሥራ ሰባት ቅማል ወርዷል፤ ትንሹ ባቄላ ያህላል፤ ትልቁ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብሮት የኖረ ስለሆነ ሲለያዩ ሁለቱም አልቅሰዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ መጠርጠር ያስፈልጋል። ጸጉር አስተካካዩ ባለፈው ዓመት የከተማው ከንቲባ ጢሙን ሊስተካከል መጥቶ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው ያለ ሰው ነው፤ ከንቲባዋ ሴት ናቸው። ከዚያም ሌላ ቅማል አያለቅስም። በዚያ ላይ የክሊኒኩ መቀስ ፋሻ እንኳ የሚቆርጠው በልመና ነው፣ ራስ መላጨት ከየት ይመጣል?

ነርሷን የሚያውቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠረጥራል። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያችው ክፍል ሠርታለች። ክፍሏ በስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱና በመጸዳጃ ቤቱ መሀል የተሰነቀረች ናት፤ በአንዱ ግድግዳ የኳስ፣ በሌላው የሌላ ነገር ሽታ ይገባል። አንድ አልጋ አለ፣ አራተኛ እግሩ ጡብ ነው። አንድ ሚዛን አለ፣ ማንንም ሦስት ኪሎ ቀንሶ ስለሚያሳይ መምህራኑ እንዳይጠገን ፊርማ አሰባስበው አመልክተዋል።

ሠራተኛው ሲስተር ይላታል። ልጆቹ ግን እትዬ ጥጥ ነው የሚሏት፣ የጋዋኗ ኪስ ጥጥ አጥቶ ስለማያውቅ። ጉልበት ቢላጥ ጥጥ፣ አፍንጫ ቢነስር ጥጥ፣ የሙዚቃ ክበቡ ልምምድ ሲጀምር ደግሞ ለራሷ ጆሮ ጥጥ። ሆዴን ቆረጠኝ የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ምላሱን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈተና ፕሮግራም ነው። «የቆረጠህ ፊዚክስ ነው ሒሳብ?» ትለዋለች። ፊዚክስ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጥታ ትመልሰዋለች። ሒሳብ ከሆነ ታዝንለትና ሁለት ታጠጣዋለች።

አንድ ሱስ ግን አለባት። በየሰኞው ከጤና ቢሮ ለትምህርት ቤት ነርሶች የሚላክ የጤና ዜና አለ። ስድስት ገጽ ነው፦ የትኛው ክትባት መቼ እንደሚሰጥ፣ የዘንድሮው ጉንፋን በየት በኩል እንደመጣ፣ አስም ያለበት ልጅ ሩጫ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ምን እንደሚደረግ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ሥዕሎች። ይህን ነገር ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው በምድር ላይ ካለ እሷ ናት፤ የሚጽፈው ሰው ራሱ አራተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ እንደሚያሸንፈው ይገመታል። የቢሮ ጸሐፊዋን ለምና ታሳትመውና ከክሊኒኩ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ትለጥፈዋለች። አንባቢዎቿ የመጸዳጃ ቤት ተራ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ በዚህም የተነሣ በግቢው ስለ ክትባት ጠንቅቆ የሚያውቀው ሁልጊዜ ሆዱ የላላ ልጅ ነው። የተረፈው ዜና ቤት ይገባል። ባሏ መካኒክ ነው፤ የእጅ መታጠብን ደረጃዎች አንድ በአንድ ሳታስቆጥረው ማንኪያ አያነሣም። እኛ ቤት ጉንፋን የሚገባው በቀጠሮ ነው ይላል ለጓደኞቹ፣ ግማሹን በኩራት፣ ግማሹን በምሬት።

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሁለተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ራሷን መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በማስመሪያ፣ በመጨረሻም በጎረቤቷ ማስመሪያ ስታክ መምህሯ ወደ ክሊኒክ ላከቻት። እትዬ ጥጥ መነጽሯን አደረገችና ጸጉሯን ፈልቀቅ አድርጋ አየች። ቅማል። ከጆሮዋ ኋላ ደግሞ ቅጫሙ እንደ ስኳር ተነስንሷል። ክፍሉን ሁሉ ስትፈትሽ አሥራ አንድ ልጅ ሆነ። አልደነገጠችም። እንዲያውም ደስ ሳይላት አልቀረም፤ የዚያ ሳምንት ዜና ገጽ ሦስት ስለዚሁ ነበርና። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዜናውና ጭንቅላቱ በአንድ ሳምንት ሲገናኙ የመጀመሪያው ነው።

ገጽ ሦስት የሚለው አጭር ነበር። የራስ ቅማል በሽታ አያስተላልፍም፤ ማንም ልጅ በዚህ ምክንያት ከትምህርት አይቅር፤ ጥርሱ የጠበቀ ሚዶ ይበቃል፤ ከሁሉ በላይ ግን ነገሩን በስሙ ጠርታችሁ ለወላጆች ንገሩ። እትዬ ጥጥም «ቅማል» የሚል ርእስ የሰጠችውን ማስታወቂያ ጽፋ ለማኅተም ወደ ዳይሬክተሩ ገባች።

ዳይሬክተሩ ክረምት ከበጋ ባርኔጣ የማይለየው ሰው ነው። አብረው ነው የተወለዱት የሚሉ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ኮሚቴ ሊመጣ ቀን ቆርጧል፤ ኮሚቴው የወደደውን ግቢ «በንጽሕና ምሳሌ የሚሆን ትምህርት ቤት» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ይሰጣል። ዳይሬክተሩ ሰሌዳው የሚሰቀልበትን ምስማር ከወዲሁ መትቷል።

«ሲስተር፣ ይሄ ቃል ከዚህ ቢሮ አይወጣም» አላት፣ እንዳይጋባበት የፈራ ይመስል ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

«ቃሉ ባይወጣም እሱ ወጥቷል። አሥራ አንድ ልጅ ላይ ነው ያለው።»

ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማስታወቂያው እንዲህ ሆነ፦ «በአንዳንድ ተማሪዎች የራስ ቅል የላይኛው ክፍል አካባቢ ጥቃቅን ተንቀሳቃሽ ሁኔታ የተስተዋለ በመሆኑ፣ ወላጆች ሳትደናገጡ ተገቢውን ሁሉ እንድታደርጉ እናሳስባለን።»

«ሁኔታ አያሳክክም፣ ዳይሬክተር» አለችው።

እሱ ወሬ ቀየረ። ኮሚቴው አረፍ የሚልበት የእንግዳ ክፍል እንደሌለ አነሣ። ክሊኒኩ ሶፋ ቢገባበት እንዴት እንደሚያምርም አነሣ። ያ ቃል የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከታየ አልጋውም፣ ሚዛኑም፣ ባለቤታቸውም ወደ ግምጃ ቤቱ ከኳሶቹ ጋር እንደሚገቡ በጨዋ ደንብ አስረዳት። እትዬ ጥጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ክፍል አሰበችና ነገሩን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

«ሳትደናገጡ» የምትለዋን ቃል ያነበበ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ አንድ አባት ጉዳዩን በአንድ አፍታ ፈታው፤ ተንቀሳቃሽ የሚባለው ስልክ ብቻ ስለሆነ ሞገዱ የልጆቹን ራስ እየበላ ነው። ባለ ሱቅ የሆነች አንዲት አክስት «ጥቃቅን» የምትለዋን ይዛ፣ በትናንሽ ንግድ ላይ የመጣ አዲስ ግብር መስሏት ሱቋን ዘጋች። የወላጆቹ የስልክ ቡድን፣ የእህቴ ጎረቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች በምትል በአንዲት ሴት ድምፅ ተሞላ፤ ላቦራቶሪው የፎቶግራፍ መሆኑን ያጣራ የለም። ረቡዕ ዕለት አንድ አባት ልጁን የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጎለት መጣ፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚሰማው አንድም አልነበረም። ሐሙስ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አራት ተማሪ ብቻ ተገኘ፤ አንደኛው የመምህሯ ልጅ ስለሆነ ምርጫ አልነበረውም። እነዚያ ሱቅ የሚዘጉና ሄልሜት የሚገዙ ሁሉ ታዲያ ልጆቻቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላበጠሩም፤ ማን አበጥሩ አላቸው?

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ እናት ክሊኒኩ ደረሰች። ልጅቷ በሦስት ሻሽ ተጠቅልላ ከላይ ፌስታል ደፍታለች። እናቲቱ ሦስት ቀን አልበላችም፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ሲስተር፣ እንደ እናት ንገሪኝ። ልጄ ትተርፋለች?»

እትዬ ጥጥ አልጋውን አየች፣ ጡቡን አየች፣ ውሸታሙን ሚዛን አየች።

«እህቴ፣ ቅማል ነው» አለቻት።

«ምን?»

«ቅማል። የምታውቂው ቅማል።»

እናቲቱ አልጋው ላይ ዘጭ አለች፤ ጡቡ ተንሸራተተ። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች። በልጅነቷ እሷም ነበረባት፤ እናቷም ነበረባት፤ ባሏ ላይማ እስከ ሠርጉ ዋዜማ ነበር። «ምናለ ቅማል ብትሉን?» አለች። ልጅቷ ከሻሾቹ ሥር ሆና፣ ታዲያ ላውልቀው ወይ ብላ ጠየቀች።

እትዬ ጥጥ ሻሾቹን ራሷ ፈታችላት። ከዚያ አልጋው ላይ የነበረውን አንሶላ ገፈፈች፣ ቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት ጠርሙስ ከነክዳኑ አወረደች፤ የቀረው ሥራ የጥጥ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወላጆቹ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ሊሉ በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። ሰልፉ ሜዳ ላይ እንደቆመ አንሶላው ከክሊኒኩ መስኮት ቁልቁል ተዘረጋ። ሦስት ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ የበር ቁመት ያህላል፦ ቅማል። ከሥሩ በትንሹ «አይገድልም፤ አበጥሩ» ይላል።

 አራት መቶ ወላጅ በአንድ ጊዜ እፎይ ሲል አቧራ ተነሣ።

«ቅማል ነው እንዴ?» አሉ አንድ አያት፣ የቆየ ወዳጃቸው እንደተጠራ ሁሉ። «እኛን ያሳደገን?»

ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን እንደደፋ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። አንሶላውን አየ፣ ቀላ፣ ሲስተር ዕቃሽን ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰም። አያትየው ፍተሻው ከላይ ይጀመር፣ ባርኔጣ ያለው ይቅደም አሉ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እትዬ ጥጥ ሚዶዋን ይዛ ቀረብ አለችና ካልፈለጉ የሚያስገድድዎ የለም አለችው በዝግታ። ዳይሬክተሩ ሕዝቡን አየ፣ ባዶውን ምስማር አሰበ፣ ባርኔጣውን አነሣ።

ፀሐይ ያረፈችበት ራስ እንደ አዲስ ድስት አብረቀረቀ። ፊት የተሰለፉት ልጆች ዓይናቸውን ከለሉ። ከጆሮ እስከ ጆሮ አንዲት ዘለላ ጸጉር የለችም፤ ሰውየው ለዘጠኝ ዓመት የደበቀው ይህንኑ ነበር። እትዬ ጥጥ ግን አልሳቀችም። በመነጽሯ ፊቱንም ኋላውንም በጥሞና መረመረችና መዝገቧ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። ምኑ እንደሌለ አላብራራችም።

ሰኞ ክፍሎቹ ሞሉ። ኮሚቴውም በቀኑ መጣ፤ የእንግዳ ክፍል ግን አልጠየቀም። ሰብሳቢዋ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉና ሻሻቸውን ፈቱ፤ ሁለቱ አባላት ውጭ እያከኩ ተራ ጠበቁ። የነሐሱ ሰሌዳ ምስማሩ ላይ ዋለ፤ ስለ ሶፋ የሚያነሣም ጠፋ።

ወሬውን የወለዱት ከበሩ ውጭ ቆመው የነበሩት ናቸው። እነሱ ያዩት ባለ ባርኔጣ ሰው ወደ ነርሷ ሲጠጋና ራሰ በራ ሰው ሲመለስ ነው፤ መሀሉን ጸጉር አስተካካዩ ከመንገዱ ማዶ ወንበሩ ላይ ቆሞ ሞላላቸው። ባለፈው ሳምንት ይኸው ሰው ጣቱን በምላጭ ቆርጦ ክሊኒኩ ገባ፤ ሁለት ደንበኞቹንም ምስክር ይሆኑኝ ብሎ አስከትሎ ነበር። ጣቱ እየተጠቀለለ፣ እስኪ ለእነዚህ የማያምኑ ሰዎች የላጨሽውን ዕለት አንቺው ንገሪያቸው አላት።

እትዬ ጥጥ ፋሻውን በጥርሷ በጠሰችው፤ መቀሱ እንቢ ብሏል።

«ያንተን ቶንዶስ አልተዋስኩም። ማንንም አልላጨሁም። የተቆጠረ ቅማል የለም፣ ያለቀሰ ቅማልም የለም። ሰውየው የሚላጭ ነገር አልነበረውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው።»