ኪኒን የምትውጠዋ ልጅ

እናኑ ለስኳር ሕመሟ ቀጠሮ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር በመጣች ቁጥር አንዲት ልጅ ከሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ታገኛለች። ስሟን አታውቅም፤ ትቀናባት ግን ነበር። ዕድሜያቸው እኩል ነው። ልጅቱ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ጫማዋ ነጭ፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚያውድ ናት። ሕመሟ “ዓይነት ሁለት ነው” ስለተባለ ኪኒን ብቻ ትውጣለች። እናኑ ደግሞ ጠዋትና ማታ መርፌ አለባት፤ ኢንሱሊኑ እንዳይበላሽም እርጥብ አሸዋ በያዘ ማሰሮ ውስጥ ታኖረዋለች። “ምነው እኔንም እንደ እሷ ባደረገኝ” ትላለች በልቧ።

ልጅቱ ስልኳ ሲጠራ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። “አራዳ ገበያ ነኝ፤ ለሠርጋችን ጨርቅ እያየሁ ነው” ትላለች።

ዛሬ ከሐኪሙ ክፍል ገርጥታ ወጣችና ከእናኑ አጠገብ ተቀመጠች።

“የደም ምርመራው ሌላ ነገር አሳየ” አለቻት። “የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ቆሽቴን እያጠቃው ነው አሉኝ። ኪኒኑ አይበቃሽም፤ መርፌ ጀምሪ ተባልኩ።”

እናኑን ደስ አላት፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

“አይዞሽ፣ የመርፌው ሕመም ይለመዳል።”

“ሕመሙን አይደለም የፈራሁት። መርፌውን ከሰው የት ትደብቂዋለሽ?”

“ምን ያስደብቀኛል? ማታ ማታ የሚወጋኝ ባሌ ነው።”

ልጅቱ ቀና ብላ እናኑን አየቻት፤ የላስቲክ ጫማዋን፣ የደበዘዘ ቀሚሷን፣ እንደገና ፊቷን። በእናኑ የቀና ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ዓይኗን የምታሳርፍበት ጠፋት።